ስድስቱ ብስክሌቶች፦ ከካዛንቺስ እስከ ጢያ
(የብስክሌት ቡድኑ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)



የዛሬው አጀንዳ አራተኛ ነጥብ እኛን ይመለከታል። በንብረት መዝገባችን «ብስክሌት፣ ያገለገለ፣ ብዛት 6» ተብሎ የሰፈረው ንብረት ተሸጦ ገንዘቡ ወደ ተዘዋዋሪ ብድሩ ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት እኅቶች ክፉ አስበው አይደለም። የብድር ወረፋ የምትጠብቅ እናት እያለች ስድስት ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ሲታይ ዓይን ይወጋል። እኛም የሒሳብ መዝገቡ በእጃችን ያለ ሰዎች ስለሆንን፣ የሚሠራ ንብረት ከቆመ ንብረት ምን ያህል እንደሚለይ አይጠፋንም። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ግን ብስክሌቶቹን የምንነዳው ስድስት አባላት ያየነውን እንድንናገር ተጠይቀናል። ሪፖርት አቅርቡ ነው የተባልነው። ሪፖርቱ መንገድ ይዞ ስለመጣ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታገሡን።

መጀመሪያ እውነቱን እናስቀምጥ። ብስክሌቶቹ የተሰጡን «አባላት ለሥራና ለመጓጓዣ ይጠቀሙባቸው» ተብሎ ነው። ያኔ አብዛኞቻችን ካዛንቺስ ነበርን። ካዛንቺስ ስሙ ራሱ ከቤት የመጣ ሰፈር ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ከነበረው ተቋም ምኅጻረ ቃል «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በእኛ አፍ ሲዞር ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሰፈራችን ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ገላን ጉራ ገባችሁ፤ ሌሎቻችሁ ወደ አራብሳና ወደ አቃቂ ሄዳችሁ፤ ጥቂቶቻችን ቂርቆስ ውስጥ ቀረን። ቤታችን በነበረበት አካባቢ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ወጣ። እንግዲህ የብስክሌት መንገድ ሲመጣ ባለ ብስክሌቶቹ ተበተኑ።

ስለዚህ ከገላን ጉራ እስከ ቂርቆስ በብስክሌት ተመላለሱ ብንላችሁ መሳቂያ እንሆናለን። ለጋሾቻችንም እንዲህ ያለ ሪፖርት እንድንጽፍላችሁ የምትፈልጉ አይመስለንም። በመጓጓዣነት የሚያገለግሉት እዚሁ ለቀረነው ነው። አንዷ እኅታችን እንጀራ ለሦስት ምግብ ቤቶች በብስክሌት ታደርሳለች። ሌላዋ ከኡራኤል እስከ ለገሃር ሥራ ትሄድበታለች። ይኼ ለስድስት ብስክሌት በቂ ምክንያት አይደለም ብትሉ እንስማማለን። የምንከራከረው በሌላ ምክንያት ነው።

ከእኛ ከስድስታችን መካከል ልጅ ሆና ብስክሌት የነዳች አንድም የለችም። ወንድሞቻችን ግን ሁሉም ነድተዋል። ሰፈር ውስጥ ብስክሌት በዙር የሚከራይበት ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ሳንቲም ይዞ ተሰልፎ፣ አንድ ዙር ዞሮ፣ ጉልበቱን ልጦ መመለስ ነው። እኛ ሳንቲሙ ቢኖረንም አይፈቀድልንም። ምክንያቱ ፊት ለፊት አይነገርም ነበር። «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ…» ይባልና ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጎረቤት ስትበረታ ደግሞ «ክብሯን ታጣለች» ትላለች። እናቶቻችንን አንወቅስም፤ የሰሙትን ነው የነገሩን። ሐኪም ጠይቀን የተረዳነው ግን ብስክሌት የማንንም ክብር እንደማይወስድ ነው።

በሠላሳና በአርባ ዓመት መማር ከልጅነት ይለያል፤ መሬቱ በጣም ሩቅ ይመስላል። እኛ የተማርንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ልትሞክሩት ለምትፈልጉ እንንገራችሁ። መቀመጫው ሁለቱ እግሮች መሬት በደንብ እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ ይደረጋል። ፔዳሎቹ ይፈታሉ። ከዚያ ትንሽ ቁልቁለት ባለበት ቦታ በእግር እየገፉ መንሸራተት ነው። ሚዛን የሚለመደው ያኔ ነው፤ ፔዳሉ የሚመለሰው በኋላ ነው። ዓይን ወደ ጎማው ካየ ትወድቂያለሽ፤ ወደ ፊት ካየ ትሄጃለሽ። ቀሚስ በካቴና እንዳይያዝ በላስቲክ ይታሰራል። ነጠላ ጭራሽ አይደረብም፤ አንድ ነጠላ በካቴና ተበልቶብናል፤ ባለቤቷ እዚህ ስላለች ዝርዝሩን ከእሷ ጠይቁ።

የተለማመድነው እሑድ እሑድ ማለዳ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና የሚዘጉበት እሑድ እንደነበር ታውቃላችሁ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ወጣቶች ስፖርት ይሠራሉ። ለእኛ ያ እሑድ ከሚኒባስ ጥሩንባ ያረፈ አስፋልት ማለት ነው። ከካዛንቺስ በኢሲኤ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ መውረድ ደስ ይላል። መመለሱ ግን ዳገት ነው፤ ማርሽ የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ የገባን እዚያ ነው። ትንሹን የፊት ጥርስና ትልቁን የኋላ ጥርስ ስትይዢ እግርሽ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ መንገዱ ቀስ ይላል፣ ልብሽ ግን አይፈነዳም።

ብስክሌት ለዚህ አገር የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉንም አንድ ነገር እንበል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ የተወዳደርነው በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ አንዱ ሩጫ፣ ሁለተኛው ብስክሌት። ገረመው ደንቦባ በዚያም በሮምም ተወዳድሯል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ በኦሎምፒክ ጎዳና ላይ ነበር ማለት ነው። የሄዱት ግን ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የሴቶች የጎዳና ብስክሌት በኦሎምፒክ የገባው ራሱ በፈረንጆቹ 1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስፖርቱ የጠነከረው በትግራይ፣ በተለይ በመቀሌ ነው። ጽጋቡ ግርማይ ከዚያ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያው ከትግራይ የወጣችው እየሩ ተስፎአም ገብሩ ደግሞ በ2016ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በጎዳና ብስክሌት ተወዳድራለች፤ የተወዳደረችው ግን በስደተኞች ቡድን ስም ነው። ይኼን ስናነብ ዝም ብለን ነበር የቆየነው። በመስከረም 2018 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተደረገ፤ ኢትዮጵያውያት ሴቶችም እዚያ ነበሩ። ከእኛ አንዷ በስልኳ ከፍታ ስታሳየን የሠፈር ጎረምሶች ሳይቀሩ ከበቡን። ጉዞ እናድርግ የሚለው ሐሳብ የተነሣው በዚያ ሳምንት ነው።

ለመንገድ ምርጫው ብዙ ተከራክረናል። በብስክሌት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች፣ ቱር ደ አፍሪክ የሚባሉት፣ ከፈረንጆቹ 2003 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲያልፉ ይይዙት የነበረው መንገድ የታወቀ ነው፤ በጎንደር ገብተው፣ ባሕር ዳርን አልፈው፣ ዓባይ በረሃን ወርደው ወጥተው አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። በአንድ መንገድ ላይ ግንብም፣ ገዳምም፣ ሐይቅም፣ በረሃም ይገኛል። እኛም ልባችን እዚያ ነበር። ነገር ግን አሁን ሴቶች ብስክሌት ይዘው የሚወጡበት መንገድ አይደለም፤ ሰላም ሲመለስ እንሄዳለን ብለን አቆየነው። ዴርቭላ መርፊ የምትባል አይርላንዳዊት በፈረንጆቹ 1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደች ሴት ነበረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ልትጎበኝ ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ይዛ ነው ደጋውን ያቋረጠችው። እንግዲህ እሷ በበቅሎ የሄደችበትን አገር እኛ ባገለገለ ብስክሌት እንጀምር ስንል የሳቁብን ሰዎች ጨርሰው አልተሳሳቱም።

በመጨረሻ የመረጥነው የቡታጅራን መንገድ ነው። ሾፌሮችን ጠየቅን፣ በመንገዱ ላይ ዘመድ ያላቸውን አባላት ጠየቅን። አስፋልቱ ይሄዳል፣ ብዙ ቁልቁለትና መጠነኛ ዳገት አለው፤ ደግሞ በአንድ መስመር ላይ መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና ጢያን ያገኛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጢያ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና የግማሽ ቀን ነገር ነው፤ እኛ ሦስት ቀን መደብንለት።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ዓርብ ሲነጋጋ ወጣን። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ሁሉም በማኅበራችን አባላት የተዘጋጀ፣ ሁሉም በደረሰኝ የተገዛ። ከሜክሲኮ በሳር ቤት፣ በካርል አደባባይ፣ በአየር ጤና አድርገን ዓለም ገና ደረስን። ከሦስቱ ቀን ከባዱ መንገድ ይኼ ነበር። ዳገቱ አይደለም፤ ሚኒባሱ ነው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «እናንተ ሴቶች፣ ቤት የላችሁም?» አለን። ከእኛ በዕድሜ ትልቋ «አለን፣ ግን ገላን ጉራ ነው፤ ትወስደናለህ?» ብላ መለሰችለት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ዓለም ገና ላይ የጅማው መንገድ ወደ አንድ ወገን፣ የእኛው ወደ ግራ ይለያል። ከዚያ በኋላ ከተማው እንደ ልብስ ከላይሽ ላይ ይወልቃል። የጤፍ ማሳው ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል። በመኪና ስናልፍ ማሳ አንድ ዓይነት ቀለም ነበር። በብስክሌት ግን ሽታ አለው። የታጨደውና ያልታጨደው ሽታቸው ይለያያል፤ የጤፉና የሽምብራውም እንዲሁ። የነፋሱን አቅጣጫም ጉልበታችን ነገረን። ካዛንቺስ ያደግን ሰዎች ነን፤ ጤፍ የምናውቀው በኩንታል ዋጋው ነው።

በመንገዱ ልጆች ይሮጣሉ። አንዳንዱ «ቻይና!» ይላል፤ ራቅ ብሎ ያየ ሌላው ደግሞ በመገረም «ሴት! ሴት!» ይላል። እንጨት ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች «አይዟችሁ» አሉን፤ ሸክም ያለባቸው እነሱ ሆነው። አንዲት እናት ደግሞ ከደጃፋቸው ተነሥተው መንገድ ዳር ድረስ መጡና በድንጋጤ «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁን። ስድስት ሴት በጠዋት ተከታትላ ስትገሰግስ ሌላ ምን ይገመታል? ማንም እንዳልሞተ፣ አገር ለማየት እንደወጣን ስንነግራቸው ለአፍታ ዝም ብለው ቆዩና «እሱማ ደግ ነው» ብለው ውኃ አመጡልን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዋሽ ወንዝ ደረስን። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ወደ 2,000 ሜትር ተወርዷል፤ የሚያስደስተው ቁልቁለት ሁሉ እዚያ ተከፍሎ አልቋል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። መልካ ቁንጡሬን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በፈረንጆቹ 1963 ጌሪት ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲቆፍሩት ኖረዋል። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ልጅ ሥራ በአፈሩ ውስጥ በንብርብር ይገኛል። በአቅራቢያው ባልጪት የሚባል ቦታ አለ፤ ጥቁር መስታወት የመሰለው ድንጋይ፣ ኦብሲዲያን የሚሉት፣ እዚያ በገፍ ይገኛል፤ የጥንት ሰዎች እየፈለጡ መቁረጫ ሠርተውበታል። ሁለቱ ቦታዎች በአንድነት በሐምሌ 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ሙዚየሙ በጎጆ ቤት መልክ የተሠራ ነው። እኛን ያቆመን ግን ድንጋዩ ወይም ራስ ቅሉ አልነበረም። 700,000 ዓመት ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች በዚህ ቦታ ተገኝተዋል፤ ከእነሱም ውስጥ የሕፃናት አሻራ አለ፤ ገና መሄድ የጀመሩ፣ አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች። አሻራዎቹ የተገኙት ሰዎቹ ድንጋይ ከሚጠርቡበትና ጉማሬ ከሚበልቱበት ሥፍራ ላይ ነው። ማለትም ልጆቹ እቤት አልቀሩም፤ ሥራው ቦታ ላይ ከእግር ሥር ሲርመሰመሱ ነበር። ከእኛ መካከል ሦስቱ ልጃቸውን በጀርባ አዝለው እንጀራ የጋገሩ፣ ጉልት የነገዱ ናቸው። ተያይተን ሳቅን። አንዷ ግን አልሳቀችም፤ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

ያን ሌሊት ያደርነው ከእኛ የአንዷ አክስት ቤት ነው። እትዬ ብስክሌቶቹን ሌባ እንዳይወስዳቸው ከበጎቹ ጋር በረት ውስጥ አስገቧቸው። እግራችንን በጨው ውኃ አጠቡን። ለሕመሙ መድኃኒት ጨው ብቻ አልነበረም፤ መቀመጫው ለወንድ የተሠራ ስለሆነ ሴትን የሚያሳምም ቦታ ላይ ያሳምማል፤ ወር አበባ ላይ የነበረችው እኅታችን ደግሞ የባሰ ተቸግራለች። ይኼን በግልጽ የምንናገረው አዲስ የሚገቡ አባላት ቀድመው እንዲያውቁት ነው። መቀመጫውን ወደ ፊት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ረድቷል፤ ሰፋ ያለ መቀመጫ ደግሞ ገበያ ላይ አለ።

ቅዳሜ አዳዲ ማርያም ሄድን። ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ጠጠር መንገድ ነው። እዚህ ላይ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ያገኘነው ጎሚስታ ከኋላችን እያየ «ባለቤቱ የታለ?» አለ። ባለቤቱ ማኅበር ነው፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ማኅተም ያለው ብለን ብናስረዳውም ሰው ነበር የሚፈልገው። በኋላ ግን ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን እንዴት እንደሚፈልግ፣ በምን እንደሚፍቅና እንደሚለጥፍ አንድ በአንድ አሳየን፤ የማስተማሪያም አልጠየቀም። ሁለተኛው ጎማ ሲተነፍስ ራሳችን ለጠፍነው።

አዳዲ ማርያም ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊቱ የሚሰጣት ለቅዱስ ላሊበላ ነው። ላስታ መሄድ ለማንችል ሰዎች ከአዲስ አበባ በዚህ ቅርበት ከመሬት ሥር የተወቀረ መቅደስ መኖሩን ከስድስታችን አምስታችን አናውቅም ነበር። ወደ ታች ወርደሽ በጨለማው ኮሪደር ስትዞሪ የመዶሻው ምልክት በግድግዳው ላይ በእጅ ይዳሰሳል። በደጀ ሰላሙ ያገኘናቸው አንድ አባት ብስክሌቶቹን አይተው ምንም አላሉም፤ «በእግር ከመጡት ጋር ተቀመጡ» ብቻ አሉን። ይኼ ንግግር በጣም ደስ አሰኝቶናል። እናቶቻችን ዝቋላ በእግራቸው ሲወጡ ማንም «ቤት የላችሁም?» ብሎ አያውቅም። በእስፔን አገርም ወደ ሳንቲያጎ የሚሄድ ተሳላሚ የምስክር ወረቀት ለማግኘት በእግሩ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር፣ በብስክሌት ከሆነ 200 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ብስክሌተኛው እጥፍ ይጠየቃል እንጂ ከተሳላሚነት አይወጣም። የእኛው አባትም ሳያውቁት ያንኑ ፈረዱልን።

እሑድ ወደ ጢያ ነው። መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሌመንን ካለፍን በኋላ አገሩ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ሲኖትራክ በአጠገብ ሲያልፍ ነፋሱ ወደ ጎማው ሥር ይስባል፤ ስለዚህ ተራ በተራ፣ በመካከላችን ርቀት ጠብቀን ነበር የምንሄደው፤ ከኋላ ያለችው መኪና ስታይ ትጮኻለች። ራስ መከላከያ ቆብ የነበረን ሦስት ብቻ ነው። በየዳገቱ እየተዋዋስን ነድተናል፤ ይኼ ግን ልክ አሠራር አይደለም፤ በሒሳቡ ክፍል እንመለስበታለን።

ጢያ ላይ 36 ሐውልቶች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ወደ 160 እንደሚደርሱ ዩኔስኮ ይናገራል። በድንጋዮቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ በአንዱ ሁለት፣ በአንዱ አምስት፣ በሌላው ከዚያ በላይ። አስጎብኚው ሰይፉ የተገደለ ጠላት ቁጥር ነው ይባላል አለን። የአገሬው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው። ከሥራቸው ሲቆፈር የተገኙት ሰዎች ወጣቶች ነበሩ፤ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች፣ እናት ማኅፀን ውስጥ እንዳለ ልጅ ተጣጥፈው የተቀበሩ።

እዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ ከገላን ጉራ የመጣችው እኅታችን የተናገረችውን በእሷ ፈቃድ እናቀርባለን። «ካዛንቺስ ሠላሳ ዓመት ስኖር ከቤቴ በታክሲ ወደ ሥራ፣ ከሥራ በታክሲ ወደ ቤት ነበርኩ። ሰፈሩ ሲነሣ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ከእናንተ ጋር መገናኘት በወር አንዴ ሆነ፣ እሱም ለስብሰባ፣ እሱም ሰዓት እያየሁ። እነዚህን ሦስት ቀናት ግን አብረን ነበርን።» ይኼው ነው ያለችው። እኛም የጨመርንበት የለም።

ከጢያ ወዲያ ቡኢ ድረስ ጥቂት ሄድን፤ እንሰቱ ሲጀምር ለማየት ብለን። ከጤፍ አገር ወደ እንሰት አገር መሻገሩን በአንድ ጠዋት በእግር ጉልበት ማየት ይቻላል። ቆጮ በአይብ በላን። ከዚያ ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን በማታ ተመለስን፤ ሹፌሩ ለስድስት ሰውና ለስድስት ብስክሌት የጠየቀው ዋጋ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል።

አሁን ወደ መዝገቡ። ብስክሌቶቹ በስጦታ የተገኙ ስለሆኑ ማኅበሩ የከፈለበት የግዥ ዋጋ የለም። የእርጅና ተቀናሽ ሲሰላ በመዝገብ ላይ የቀራቸው ዋጋ ትንሽ ነው። ሸጠን የምናገኘው ገንዘብ ከሁለት ባለ ወረፋ እናቶች ብድር እንደማያልፍ ገበያ ወጥተን አረጋግጠናል። ለጥገና የወጣው፦ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ ካቴና፣ የፍሬን ጎማዎች፣ ቅባት። ደረሰኙ ከገንዘብ ያዣችን ፋይል ውስጥ አለ። የጉዞው ወጪ ከተጓዦቹ ኪስ ነው፤ ከማኅበሩ ሣንቲም አልወጣም።

ሁሉም ይቆዩ አንልም። ከስድስቱ ሁለቱ በጣም ረጅም ናቸው፤ መሐል ብረታቸው ከፍ ስለሚል ከእኛ አንዷ ብቻ ናት በደንብ የምትነዳቸው፤ ለመማር ደግሞ ጭራሽ አይሆኑም። እነዚህ ሁለቱ ይሸጡ። ከሚገኘው ገንዘብ በመጀመሪያ ለቀሩት አራት ብስክሌቶች አራት ቆብ ይገዛ፤ ቆብ ሳይኖር ብስክሌት ከግቢ አይውጣ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የተረፈው ወደ ተዘዋዋሪ ብድሩ ይግባ። አራቱ በውሰት መዝገብ ይተዳደሩ፤ የሚዋሰው አባል ይፈርም፣ ጎማ ያፈነዳ ይለጥፍ፤ መለጠፉን እኛ እናስተምራለን። እንጀራ የምታደርሰው እኅታችን በሥራ ቀን ቅድሚያ ታግኝ። ለጋሾቻችን በዓመቱ ሪፖርት «መጓጓዣ» ከሚለው ዓምድ አውጥተን በትክክለኛው ስም እንድንጽፈው ፍቀዱልን፤ ስሙን ገና አላገኘንለትም፤ ሐሳብ ያላችሁ በወረቀት ስጡን።

እሑድ እሑድ ማለዳ መማሪያው ይቀጥላል። ከገላን ጉራና ከአራብሳ ለምትመጡት ሰዓቱን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ገፍተነዋል፤ የመጀመሪያው ታክሲ ቢዘገይም ትደርሳላችሁ። ፔዳል የተፈታለት አንድ ብስክሌት ሁልጊዜ ለጀማሪ ይዘጋጃል። እናቶች ከሆናችሁ ልጆቻችሁን አምጡ።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያዩ ነው። ቡናውም ደርሷል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄ ካለ እንመልሳለን።